በሐዋሳ ዙሪያ ለዝንጅብል ሥር የሚሰጠው ጠቃሚ ባክቴሪያ አጠውልግን ያቆማል ወይ?

የመነሻ ጥያቄ

ከሐዋሳ ወደ ወንዶ ገነት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግማሽ ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ ዝንጅብልና እርድ፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ጤና አዳምና ዳማከሴ አለማለሁ። ዝንጅብሉን ከምሸጥላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ለወጥ ሳይሆን ለሳልና ለሆድ ብለው የሚገዙኝ ናቸው። ባለፈው ክረምት የታችኛው ቅጠል መጠቅለልና መቢጨት ጀመረ፤ 2 ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሙሉ መደብ ተኛ። ግንዱን ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ግርጌው ውሃ እንደ ነካው ወረቀት ላሽቆ ነበር። ያን ጊዜ «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ተብሎ በአንድ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ ፈሳሽ ገዝቼ ማሳውን በሙሉ አጠጣሁ። አጠውልግ የምንለው ይህ ተክል የሚያጠወልግ በሽታ ግን ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው መደብ አለፈ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ባክቴሪያን በባክቴሪያ መከላከል የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይስ የነጋዴ ወሬ ነው? እውነት ከሆነ ያጠፋሁት ምንድን ነው?

የመጡልኝን ምላሾች እንደ አመጣጣቸው ቁጥር ሰጥቼ ከዚህ በታች በራሴ አነጋገር አስፍሬአለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ነገር ግን ማንም ያለውን አላለሰለስኩም።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው ጸሐፊ ከወላይታ ቦሎሶ በኩል ያሉ አዛውንት ናቸው። እህቴ እያሉ በትሕትና ካጽናኑኝ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ አጠውልግ በወላይታ፣ በከምባታ ጠምባሮና በሀዲያ የዝንጅብል ማሳዎች ላይ ሲወርድ ያዩትን ተረኩ። ዝንጅብል የልጆችን ደብተርና የቤት ቆርቆሮ ይገዛ በነበረበት ሰፈር፣ ሰው ዘሩን እንኳ ሳይሰበስብ መሬቱን ወደ በቆሎና ወደ ቦሎቄ እንዳዞረ አስታወሱ። በእሳቸው እምነት የተያዘን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ እኔም የተኛውን መደብ ማጠጣቴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይህ አነጋገራቸው በኋላ ብዙዎቹ የተመለሱበት ነጥብ ሆነ።

ምላሽ 2። የሰብል በሽታ የተማረ መሆኑን የገለጸ ወጣት፣ ስለ መድኃኒቱ ከመነጋገራችን በፊት በሽታው ምን እንደሆነ እናውቃለን ወይ ሲል ጠየቀ። ዝንጅብልን የሚያቢጭና ግንዱን የሚያላሽቅ አንድ ብቻ አይደለም፤ ራልስቶኒያ የተባለው ባክቴሪያ ያደርገዋል፣ ውሃ በተኛበት አፈር የሚራባው ፒቲየምም ያደርገዋል፣ ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስም ቀስ እያለ ያደርገዋል። ቀላል መለያ አስተማረኝ፦ ከታመመው ግንድ ግርጌ የጣት ግማሽ የሚያህል ቁራጭ በንጹሕ ምላጭ ቆርጦ፣ ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ በክር አንጠልጥሎ፣ ጫፉ ብቻ ውሃውን እንዲነካ ማድረግ።

በማግስቱ ጧት ከማሳው ጥግ ተርፎ የቆመ አንድ የታመመ ግንድ ቆርጬ ሞከርኩት። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ከበስተኋላው ጥቁር ጨርቅ ዘረጋሁ። ደቂቃዎች አልፈው ምንም ስላልታየኝ ልተወው ስል፣ ከቁራጩ ጫፍ እንደ ጥጥ ፈትል የቀጠነ ነጭ ነገር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ፈትሉ ሳይበጠስ እስከ ብርጭቆው ወለል ደረሰ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ ወረደ፤ ውሃው ቀስ በቀስ ወተት ጠብ እንዳለበት ደፈረሰ። ከጤነኛው መደብ የቆረጥኩት ግንድ በሌላ ብርጭቆ ውስጥ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድም ፈትል አላወረደም። ይህን ስዘግብ ወጣቱ ራልስቶኒያ መሆኑን አረጋገጠልኝ፤ ነጩ ፈትል በተክሉ የውሃ ቧንቧ ውስጥ ተጨናንቀው የነበሩት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ከሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ጋር ሲፈሱ ነው። ተክሉ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ የሚጠወልገው ቧንቧው ስለተደፈነ ነው።

ምላሽ 3። አጭር ናት። በሽታው ራሱ ባክቴሪያ ከሆነ፣ ሌላ ባክቴሪያ በላዩ መጨመር እሳትን በቤንዚን ማጥፋት አይሆንም ወይ ብላ የጠየቀች የቱላ ነዋሪ ናት። ጥያቄዋ የዋህ ቢመስልም የውይይቱን በር የከፈተው እሱ ነው።

ምላሽ 4። ለዚህች ጥያቄ ረጅም መልስ የጻፉት በምርምር ሥራ እንደቆዩ የተናገሩ ሰው ናቸው። ሥር ዝም ብሎ ውሃ የሚጠጣ ነገር ሳይሆን ስኳርና አሲድ ወደ አፈሩ የሚያፈስ፣ በዚያም ዙሪያውን የሚመግብ ገበታ ነው አሉ። በሥሩ ዙሪያ ያለውን ይህን ቀጭን የአፈር ክፍል ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር እ.ኤ.አ. በ1904 «ራይዞስፌር» ብሎ ሰይሞታል። በአንድ ግራም ጤነኛ አፈር ውስጥ ባክቴሪያ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ ከዚህ ሁሉ በሽታ አምጪው እጅግ ጥቂቱ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ፣ ባሲለስ አሚሎሊክዊፋሲየንስና ፕሴዶሞናስ ፍሎረሰንስ ከጠቃሚዎቹ በብዛት የተጠኑት ናቸው።

አሠራራቸውን ሲያስረዱ መጀመሪያ ያነሡት ቦታን ነው፦ ወዳጁ ባክቴሪያ ሥሩን ቀድሞ ከሸፈነው ጠላት የሚገባበት ቁስልና የሚበላው ምግብ ያንሰዋል። ቀጥለው ስለ ብረት ጻፉ፤ በአፈር ውስጥ ለባክቴሪያ የሚመች ብረት ጥቂት ስለሆነ፣ ፕሴዶሞናስ ብረቱን የሚጠልፍ ሲደሮፎር የተባለ ውህድ እያወጣ ተቀናቃኙን ያስርበዋል። ባሲለስ በበኩሉ ሰርፋክቲን፣ ኢቱሪንና ፌንጊሲን የሚባሉ የጠላትን ሽፋን የሚበሱ ውህዶችን ያመርታል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የመጨረሻው ነው፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ሥሩን ሲነኩት ተክሉ ራሱ ይነቃል፣ ጠላት ገና ሳይደርስበት ቅጠሉ ድረስ መከላከያውን ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሥራው ከመትከል በፊትና በመትከያው ቀን እንጂ ቅጠል ከቢጨ በኋላ አይደለም። በዚህ የአዛውንቱን የምላሽ 1 ቃል አጸኑት።

ምላሽ 5 እና 6። አምስተኛው ጸሐፊ ከሻሸመኔ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ያለማል። ትራይኮደርማ የተባለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ከኮምፖስት ጋር ቀላቅሎ ከሰጠ ወዲህ የሥር መበስበስ እንደቀነሰለት በደስታ ተረከ፤ እኔም እሱኑ እንድገዛ መከረኝ። ስድስተኛዋ በአክብሮት፣ ግን ሳታመነታ አረመችው፦ ትራይኮደርማ ባክቴሪያ ሳይሆን ፈንገስ ነው፤ ዋና ሥራውም ሌሎች ፈንገሶችን፣ ማለትም እንደ ፉዛሪየምና ራይዞክቶኒያ ያሉትን፣ መጠምጠምና መብላት ነው። ለእሱ ነጭ ሽንኩርት የሠራው መድኃኒት ለእኔ ራልስቶኒያ ይሠራል ማለት አይደለም። ይህች እርማት ብዙ ሰው ሳያያት ያለፈ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ቆሜ ደጋግሜ አነበብኳት፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ «ባዮ» በሚል ስም ይሸጣሉ።

ምላሽ 7። ድምፁ እዚህ ላይ ተለወጠ። ሰባተኛው ጸሐፊ እስከ አሁን የተባለው ሁሉ የላቦራቶሪ ተረት ነው አለ። በሳህን ላይ ሁለት ባክቴሪያ ጎን ለጎን ዘርቶ አንዱ ሌላውን እንዳይራባ ያገደበትን ጥርት ያለ ቀለበት በመሃላቸው ማየት ቀላል ነው፤ ሳህኑ ውስጥ ምግብ ሞልቷል፣ ሙቀቱ የተመጠነ ነው፣ ሌላ ተፎካካሪ የለም። በማሳ ግን የጨመርከውን ባክቴሪያ ነባሮቹ በሳምንታት ውስጥ ይውጡታል። ገበሬው ገንዘቡን ያወጣል፣ ሻጩ ይከብራል፣ ተመራማሪው ጽሑፉን ያሳትማል ሲል ዘጋ። ቃሉ መራር ቢሆንም ስለ ሳህኑና ስለ ማሳው ልዩነት የተናገረው እውነት ነው፤ እኔም ገንዘቤን ያወጣሁ ሰው ስለሆንኩ አልተቀየምኩትም።

ምላሽ 8። የምላሽ 4 ጸሐፊ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ትሕትናቸው ጥቂት ቀንሷል። ሰባተኛው የተናገረው ችግር የታወቀ እንደሆነ፣ ተመራማሪዎችም ለዚህ ሲሉ ባክቴሪያውን ከዚያው ከሚጠበቀው ተክል ሥርና ግንድ ውስጥ እየፈለጉ እንደሚያወጡ ጻፉ፤ የቤቱን ሰው ለቤቱ ዘበኛ ማድረግ ይሻላልና። በህንድ ኬረላ፣ ኮዚኮድ ከተማ ያለው የቅመማ ቅመም ምርምር ተቋም ከዝንጅብል ግንድ ውስጥ ያወጣውን ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ በዚሁ በአጠውልግ ላይ የሞከረው በዚህ ሐሳብ ነው። ከቻይና ዩናን ደግሞ ሳንቺ የሚባለውን የጂንሰንግ ዘመድ አነሡ። ይህ የመድኃኒት ተክል እስኪነቀል 3 ዓመት ያህል መሬት ውስጥ ይቆያል፤ በዚያው መሬት ላይ ደግሞ ሲተከል የሥር መበስበስ ስለሚፈጀው አልሚዎቹ በየጊዜው አዲስ መሬት ፍለጋ ይሄዳሉ። እዚያ የሚደረገው ጥረት አንድ ባክቴሪያ ጨምሮ መሄድ ብቻ ሳይሆን፣ በተደጋጋሚ ተከላ የተዛባውን የአፈር ማኅበር መልሶ ማቆም ነው። የመድኃኒት ተክል ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው አሉ፤ ሰው ሥሩን ራሱን ስለሚበላው ወይም ስለሚያፈላው፣ አፈሩን በጠንካራ ኬሚካል ማጠብ ያሰጋል።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11። ዘጠነኛው ከአዳማ ነው። ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ከጤነኛ ተክል ሥር አንድ እፍኝ አፈር ወስዶ፣ ሞላሰስ በተጨመረበት የ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ለሳምንት አፍልቶ፣ ያንን ማጠጣት ነው አለ። እሱ በዚህ መንገድ ጤና አዳሙን አረንጓዴ እንዳደረገ፣ ለጎረቤትም እንደሚያድል ጻፈ።

አሥረኛዋ በቁጣ መለሰችለት። በጀሪካኑ ውስጥ የተራባው ማን እንደሆነ በምን አወቅህ ነው ያለችው። ስኳር የሰጠኸው ሁሉ ይራባል፤ ባሲለስ ሰብቲሊስ ከሚራባበት አፈር ውስጥ ምግብ የሚመርዘው ባሲለስ ሰሪየስም አለ፣ ከፕሴዶሞናስ ወገንም ሰውን በቁስሉ የሚያጠቃ አለ። በሽተኛ ማሳ ጎን ካለ ጤነኛ መስሎ ከታየ ተክል ከወሰድከው ደግሞ ራልስቶኒያን ራሱን በጀሪካን አርብተህ ለጎረቤት ማደልህ ነው። ጤና አዳም ከማሳ ተቀጥፎ በጥሬው ቡና ሲኒ ውስጥ የሚገባ ቅጠል መሆኑን እንዴት ረሳኸው ስትል ጠየቀችው።

ሰውየው በምላሽ 11 ተመልሶ፣ ሰው ለመርዳት ብሎ የጻፈውን እንደ ወንጀል መቁጠር ተገቢ አይደለም አለ፤ አባቱም አያቱም ፍግና አመድ አፍልተው አጠጥተው እንዳደጉ ተከራከረ። በመጨረሻ ግን ለጎረቤት ማደሉን እንደሚያቆም ጻፈ። የእሷ አነጋገር ከበድ ቢልም ፍሬ ነገሩ ላይ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ለሰው ሆድ በሚሸጥ ተክል ላይ ስሙን የማያውቁትን ነገር ማፍሰስ አይገባም። ዝንጅብሌን ለሕፃን ሳል የሚያፈሉ እናቶች በሬ ላይ ይቆማሉና ይህን ቀላል አድርጌ ማየት አልችልም።

ምላሽ 12። ይህ ሰው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እንዳነብለት ብቻ ጠየቀ። አነበብኩለት፦ የባክቴሪያው ዝርያ ስም የለም፣ የተመረተበት ቀን የለም፣ በግራም ወይም በሚሊ ሊትር ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ አልተጻፈም። የሸጠልኝን ሱቅ ስም መጥራት አልፈልግም፤ ጠርሙሱ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እሱም ይህን አስረዳኝ። ባሲለስ በክፉ ጊዜ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ዘግቶ ስፖር ስለሚሆን ድርቀትንም ሙቀትንም ይችላል፤ በዱቄት መልክ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ፕሴዶሞናስ ስፖር የለውም፤ በሐዋሳ የበጋ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር የሰነበተ የፕሴዶሞናስ ፈሳሽ ምናልባት ከሽታ በቀር ምንም የለውም። ደህና ምርት ብዙውን ጊዜ በአንድ ግራም ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕያው ባክቴሪያ እንዳለው ይጽፋል። በምን ውሃ እንደበጠበጥኩትም ጠየቀኝ። በቧንቧ ውሃ ነበር፤ ክሎሪን ሕያው ባክቴሪያን ስለሚገድል ውሃው ክዳኑ ተከፍቶ ቢያድር ይሻል ነበር። በዚያው ሳምንት መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ መርጨቴን ስነግረው ደግሞ፣ መዳብ ወዳጅና ጠላት ባክቴሪያን እንደማይለይ ጻፈልኝ። በአንድ እጄ የዘራሁትን በሌላው እጄ ነቅዬ ነበር ማለት ነው። ለባቄላ ራይዞቢየም የተባለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ የተጠቀሙ ገበሬዎች ይህን ጥንቃቄ ያውቁታል፤ እሱ ከፀሐይ ተጠብቆ፣ ከዘሩ ጋር በጥላ ተለውሶ፣ በዚያው ቀን ነው የሚዘራው።

ምላሽ 13። አንዲት የሲዳማ እናት ልጅ ወሬውን ወደ እንሰት ወሰደችው። የእናቷን እንሰት የፈጀውም አጠውልግ ይባላልና ያው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የምላሽ 2 ወጣት ፈጥኖ መለሰላት፦ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የእንሰቱ ዛንቶሞናስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ከኢትዮጵያ ለሳይንስ ዓለም የተገለጸውም እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም በቢላና በመቆፈሪያ ከተክል ወደ ተክል መሻገራቸው ነው፤ ቢላን በእሳት ነበልባል ማሳለፍ ለሁለቱም ይጠቅማል። ስለ ቆጮ ዋጋ የጻፉ ሁለት ሦስት ሰዎችም ነበሩ፤ ከጉዳያችን ስለወጡ ቁጥር አልሰጠኋቸውም።

ምላሽ 14። በእኔ ላይ የመጣው ጠንካራው ቃል ይህ ነው። ማሳዬን በሙሉ አጠጥቼ ሳበቃ፣ ሠራ ወይም አልሠራም ብዬ ለመናገር ምን መነሻ አለኝ ሲል ጠየቀኝ። ያላጠጣሁት መደብ ስለሌለ፣ ያጠጣሁት ባይጠጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ቢድንልኝ ጠርሙሱን አመሰግን ነበር፣ ስላልዳነ ጠርሙሱን ወቀስኩ፤ ሁለቱም መሠረት የለውም። ሲያነቡት ያማል፤ ነገር ግን ትክክል ነው፣ ልመልስለት የምችለው ነገርም አላገኘሁም። ሰባተኛው ጸሐፊም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር ተስማማ።

ምላሽ 15። ከወንዶ ገነት የጻፉ አንድ ገበሬ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለው ጀመሩ። ማሳዬን የሚያጠጣው ቦይ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ከላይ በኩል ባለ ጎረቤት ማሳ አልፎ ነው የሚመጣው፤ ጎረቤቴ ደግሞ አምና ቲማቲም ተክለው ጠውልጎባቸው፣ የነቀሉትን ቦዩ ዳር ከምረውት ነበር። ራልስቶኒያ በውሃ ይጓዛል፣ በአፈር ውስጥ ይቆያል፣ ድንችን፣ ቲማቲምንና ቃሪያንም ያጠቃል፤ የእኔና የጎረቤቴ አንድ ዓይነት መሆኑ ሳይመረመር ባይታወቅም፣ መጠርጠሩ ግን ይገባል። ሌላም አነሡ፦ ዝንጅብል የሚተከለው ከፍሬ ሳይሆን ከራሱ ከሥረ ግንዱ ስለሆነ፣ በሽታው ሳይታይ ከዘር ጋር ከዓመት ዓመት ይሻገራል። የሥር ትል ያለበት መሬት ከሆነ ደግሞ ትሉ የሚበሳው ቀዳዳ ለባክቴሪያው በር ነው። በእሳቸው ግምት ወዳጅ ባክቴሪያ የሚጠቅመው እነዚህ በሮች ከተዘጉ በኋላ ነው፤ በየውሃው መስመር አዲስ ጠላት እየገባ አንድ ጠርሙስ ዘበኛ ምን ያደርጋል አሉ። የታመመውን መሬት ለጥቂት ዓመታት ለበቆሎ እንድተወው፣ ዘንድሮ የምተክልበትን መደብ በበጋው ፀሐይ አርሼ፣ አርጥቤና ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ሸፍኜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዳቆየው መከሩኝ። ከእሳቸው ምክር በኋላ ጎረቤቴ ቤት ሄጄ ተነጋገርን፤ ክምሩን አብረን አቃጠልነው፣ ከማሳዬ በላይም ውሃውን የሚያዞር ቦይ ቆፈርን።

ምላሽ 16። የመጨረሻው ጸሐፊ ከዳውሮ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ያሰብኩትን በዝርዝር አስፍሬ ነበር፦ በፕላስቲክ በተሸፈነው መሬት ላይ 6 መደብ አወጣለሁ፤ ለ3ቱ ዘሩን የዝርያ ስሙና ቀኑ በተጻፈበት የባሲለስ ዱቄት ውስጥ 30 ደቂቃ ነክሬ በጥላ አጠፍፌ እተክላለሁ፣ 3ቱን በተራ ውሃ ብቻ ነክሬ በመሃል በመሃል አስገባለሁ፤ መዳብ አልረጭም፤ በየሳምንቱ የጠወለገውን ቆጥሬ እዚሁ እጽፋለሁ። እሱ ሁለት ነገር ጨመረ። መጀመሪያ ያልታከሙትን መደቦች ቀድሜ እንድኮተኩት፣ መቆፈሪያውንም ከመደብ ወደ መደብ ስሻገር እንዳጥበው አሳሰበ፤ አለዚያ የአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ተሻግሮ ቆጠራዬ ይበላሻል። ሁለተኛ፣ በሽታው እስካሁን ካልደረሰበት የእሱ ጓሮ 10 ኪሎ ዘር በአውቶብስ እንደሚልክልኝ ቃል ገባ። ዘሩ እንደ ደረሰኝ ግን እሱ ጤነኛ ነው ስላለ ብቻ እንዳልተክለው፣ ከእያንዳንዱ ዐይን ጥቂት ቆርጬ በብርጭቆ ውሃ እንድፈትሸው፣ አንድ ነጭ ፈትል እንኳ ካየሁ ሙሉውን አቃጥዬ እንድነግረው ራሱ አደራ አለኝ፤ የእሱም ጓሮ መመርመር ይኖርበታልና።